ያልተበጠሰ ቺንጋ ለምን ይቀየራል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሰሞኑን ቅዳሜ ቡና ላይ የተነሳ ክርክር ነው። የአገር ጉዳይ በሚነበብበት ገጽ ላይ ስለ መኪና ሞተር መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ቀልድ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ሰልፍ የምንወጣው፣ ስብሰባ የምንደርሰው፣ ልጅ ከትምህርት ቤት የምናመጣው፣ ሁለተኛውን ሥራ የምንይዘውና የወሩን ገንዘብ አጠራቅመን ወደ አገር ቤት የምንልከው በዚያችው በአሮጌዋ መኪናችን ነው። እሷ የቆመች ዕለት ብዙ ነገር አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ለአንድ ቀን ፖለቲከኞቻችንን እናሳርፋቸውና ኮፈኑን ከፍተን እንይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2008 ሞዴል ሆንዳ ኦዲሲ አለችኝ። (በዚህ ጽሑፍ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሞተሯ ባለ 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። 196 ሺህ ማይል ተጉዛለች። የሞተሩ የውስጥ ቺንጋ፣ እዚህ ታይሚንግ ቤልት የሚሉት፣ በ2016 በ98 ሺህ ማይል ላይ ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ አልተነካም። መካኒኬ ቺንጋውን፣ የውሃ ፓምፑን፣ መወጠሪያውንና ቺንጋው የሚሽከረከርባቸውን ኩሽኔታዎች አንድ ላይ ለመቀየር 1,250 ዶላር ጠየቀኝ። መኪናዋን ዛሬ ልሽጣት ብል፣ ጎኗ ላይ ያለውን ጭረትና ልጆቹ ወንበሩ ላይ ያፈሰሱትን ጭማቂ የማያይ ደግ ሰው ከተገኘ 3,500 ዶላር ታወጣለች። አሁን ምንም የጎደላት ነገር የለም። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች፣ አትጮህም፣ አታጨስም። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው። ምንም ላልሆነ ሞተር የመኪናዋን ዋጋ ሲሶ የሚያልፍ ገንዘብ ማውጣት ብልህነት ነው ወይስ ሞኝነት?

ቡናው ላይ ከነበርነው አምስት ሰዎች ሦስቱ ሞኝነት ነው አሉ። አንደኛው፣ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው! ያልታመመ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አይተህ ታውቃለህ?" አለኝ። ሁለተኛው፣ "እኔ ካምሪዬን 240 ሺህ ማይል ነድቼ ነው የሸጥኳት፤ ቺንጋ የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም" ብሎ ደረቱን ነፋ። ሦስተኛው ደግሞ፣ "አንተ ሰውዬ፣ በሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ ስትል አልነበር እንዴ? ታዲያ ለማን ብለህ ነው?" ሲለኝ ሁላችንም ሳቅን። አራተኛው ሰው ታክሲ ነጂ ነው። እሱ ስኒውን አስቀምጦ "ቀይረው" አለ፤ ሌላ አልተናገረም።

በካምሪው ልጀምር፤ ምክንያቱም ማኅበረሰባችን ውስጥ ስለ ቺንጋ የሚወራው ወሬ ሁሉ የሚመነጨው ከካምሪ ነው።

ወዳጄን "የስንት ሞዴል ነበረች?" ብዬ ጠየቅኩት። "የ2003፣ ባለ አራት ሲሊንደር።" እንግዲህ ይህች መኪና ቺንጋ አልነበራትም። ቶዮታ በ2002 ሞዴል ላይ ባለ 2.4 ሊትሩን ሞተር ሲያስገባ የጎማ ቺንጋውን ትቶ በብረት ሰንሰለት ተክቶታል። ወዳጄ ቺንጋ ያልነካው ጠንቃቃ ወይም ዕድለኛ ስለሆነ አይደለም፤ የሚነካ ስላልነበረ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት፣ ከ1992 እስከ 2001 የወጡት ባለ 2.2 ሊትር ካምሪዎች፣ ብዙዎቻችን አሜሪካ ስንገባ መጀመሪያ የገዛናቸው፣ ቺንጋ ነበራቸው። ይሁንና የእነሱ ሞተር ቺንጋው ቢበጠስም ጉዳት አይደርስበትም። መኪናው ባለበት ይቆማል፣ ይጎተታል፣ አዲስ ቺንጋ ይገባለታል፣ በማግስቱ ሥራ ይሄዳል። "ሲበጠስ ያኔ እናስበዋለን" የሚለው ምክር ለነዚያ መኪናዎች እውነት ነበር። ችግሩ መኪናዎቹ ወደ ብረት ክምር ሄደው ምክሩ ብቻ ቀረ፤ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈም ሆንዳ የያዘው ሰው ዘንድ ደረሰ።

የሆንዳው ሞተር ግን ሌላ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ ሆኖም የዛሬ ብዙ ዓመት ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው፣ አሁን እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ የሚሠሩ፣ ጋሼ የምላቸው ሰው ያስረዱኝን እንደገባኝ ላስረዳ። ሞተር ውስጥ ከታች ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅስ ክራንክ ሻፍት አለ። ከላይ ደግሞ ቫልቮቹን የሚከፍትና የሚዘጋ ካም ሻፍት አለ። የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንድ ጊዜ ይዞራል። ሁለቱን አያይዞ እኩል የሚያስኬዳቸው ያ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው። ክራንክ ሻፍቱ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ ከ16 ጊዜ በላይ ይከፈታል ማለት ነው። በእኔ መኪና 24 ቫልቮች አሉ። የሆንዳው ሞተር ሲሠራ ቫልቩና ፒስተኑ አንዱ የሌላውን ቦታ በተራ ይጠቀማሉ። ቫልቩ ወርዶ ሲከፈት ፒስተኑ ዝቅ ብሏል፤ ፒስተኑ ሲወጣ ቫልቩ ተዘግቷል። ቺንጋው የተበጠሰ እንደሆነ የላይኛው ባለበት ቀጥ ይላል፤ የታችኛው ግን ገና መዞሩን አላቆመም። የተከፈቱትን ቫልቮች ፒስተኑ ከታች መጥቶ ይመታቸዋል፤ ይጎብጣሉ። ዓይን እስኪገልጡ ድረስ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ከዚያ በኋላ አዲስ ቺንጋ ማስገባት ዋጋ የለውም። ቴስታታው ይወርዳል፣ ቫልቮቹ ይቀየራሉ፤ ፒስተኑ ከተሰበረ ደግሞ ሞተሩ ጠቅላላ አለቀለት። በድሮው ካምሪ ፒስተኑና ቫልቩ ሳይነካኩ የሚተላለፉበት በቂ ክፍተት አለ። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር።

ይህን ከመጽሐፍ ያወቅኩት ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ። ያወቅኩት በ2009 ጥር ወር፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በአይ 395 አውራ ጎዳና ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የ1999 ሞዴል አኮርድ ነበረችኝ። ከአንድ የአገራችን ሰው በ118 ሺህ ማይል ላይ በ3,200 ዶላር ገዝቻት 131 ሺህ ደርሳ ነበር። ሻጩ "ሁሉ ነገሯ ተሠርቷል፣ አንተ ነዳጅ ብቻ ጨምር" ብሎኝ ነበር። ደረሰኝ አልጠየቅኩም፤ ወንድምን ደረሰኝ መጠየቅ ነውር መስሎኝ። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ የነበረው መጽሐፍ ቺንጋው በ105 ሺህ ማይል ወይም በ7 ዓመት ይቀየር ይል ነበር። መጽሐፉን ከፍቼው አላውቅም። ስለዚህ የማንንም ኩባንያ ስም አላጠፋም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ምንም ድምፅ አልነበረም። አልጮኸም፣ አልተንቀጠቀጠም፣ ቀይ መብራት አስቀድሞ አልበራም። ዝም ብሎ ሞተሩ ጠፋ። መሪው እንደ ድንጋይ ከበደ። ከኋላዬ ትልቅ ጭነት መኪና ነበር፤ እሱ ጥሩንባውን እየነፋ በግራዬ ሲያልፍ እኔ በቀረኝ ግፊት ዳር ያዝኩ። ጎታች መኪና መጣ፣ መካኒኩ ሲሊንደሮቹን ለካ፣ አራቱም አየር አይዙም። ቴስታታ አውርዶ ለመሥራት 2,600 ዶላር አለኝ። አልነበረኝም። በ350 ዶላር ለብረት ገዢ ሸጥኳት።

ያኔ የምሠራው መሐል ዲሲ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ ቤት ነበር፤ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሰዓት የሚያደርሰኝ አውቶቡስ ከሰፈሬ አልነበረም። ሁለት ሳምንት ያህል ሰው እየለመንኩ፣ ከዚያም እያረፈድኩ፣ በመጨረሻ የጠዋቱ ፈረቃ ለሌላ ሰው ተሰጠ። በዚያ ወር ለእናቴ የምልከውን ሳልልክ ቀረሁ። ነፍሷን ይማረውና "ታመምክ እንዴ ልጄ?" ብላ ደወለች። ቺንጋ ተበጠሰብኝ ብዬ በስልክ ለእናቴ እንዴት ላስረዳት? "አይ፣ ደኅና ነኝ" አልኳት።

ስለዚህ "ያልታመመ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ አይተህ ታውቃለህ?" ላለኝ ወዳጄ መልሴ ቀላል ነው። ይህ በሽታ የሚያስነጥስ በሽታ አይደለም። ዛሬ ደኅና ናት ማለት ነገም ደኅና ትሆናለች ማለት አይደለም፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም አኮርዷ ደኅና ነበረች።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። "3,500 ዶላር ለማታወጣ መኪና 1,250 ዶላር ታወጣለህ?" የሚለው ጥያቄ ሲሰሙት ብልህ ይመስላል። ነገር ግን መኪናዋን ልሸጣት አይደለም። ለእኔ ዋጋዋ ገበያ የሚሰጠኝ ሳይሆን እሷ ስትሞት እሷን ለመተካት የማወጣው ነው። እሱን ደግሞ ሄጄ ጠይቄአለሁ። ለቤተሰብ የምትሆን፣ ብዙ ያልተነዳች ያገለገለች መኪና 25 ሺህ ዶላር ናት። በ10 በመቶ ወለድ ለ72 ወር ስትከፈል በወር 463 ዶላር ይመጣል። ስድስት ዓመቱ ሲያልቅ ከ33 ሺህ ዶላር በላይ ከፍለናል ማለት ነው። ባንኩ ባለዕዳ ስለሚያደርገን ሙሉ ኢንሹራንስ እንድንገባ ያስገድደናል። ቨርጂኒያ የምንኖር ደግሞ በየዓመቱ በመኪናው ዋጋ ልክ የሚመጣውን የካውንቲ ግብር እናውቀዋለን፤ ለአሮጌዋ ኦዲሲ የምከፍለውና ለአዲሷ የምከፍለው አንድ አይደለም። አዲስ ከፋብሪካ የወጣ መኪና ልግዛ ያለ ሰው ደግሞ በ2025 አሜሪካ ውስጥ የአዲስ መኪና አማካይ መሸጫ ዋጋ ከ50 ሺህ ዶላር ማለፉን ይወቅ። አሜሪካኖቹም ራሳቸው መኪናቸውን ይዘው መቆየት ጀምረዋል፤ በ2024 መንገድ ላይ ያሉት መኪኖች አማካይ ዕድሜ 12.6 ዓመት ደርሶ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እናስላ። የሦስት ወር ክፍያ 1,389 ዶላር ነው። ይህም ማለት የ1,250 ዶላሩ ሥራ አሮጌዋን መኪና ሦስት ወር ብቻ ካቆየልኝ ገንዘቡን መልሷል። ሦስት ዓመት ካቆየልኝ ደግሞ በወር 35 ዶላር ገደማ ነው። የስልክ ክፍያችን እንኳ ከዚህ ይበልጣል።

"ላይበጠስም ይችላል እኮ!" የሚል አለ። ልክ ነው፣ ላይበጠስ ይችላል። ከተባለው ማይል በላይ ነድቶ ምንም ያልሆነ ሰው ብዙ ነው፤ እኔም አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር አስቡ። መኪና በድንገት የሞተበት ሰው መኪና እንዴት ነው የሚገዛው? ሰኞ ሥራ መግባት አለበት። አይመርጥም፣ አያወዳድርም፣ አይከራከርም። የተሰጠውን ወለድ ይፈርማል። ሻጩም ፊቱን አይቶ ያውቅበታል። በእኔ ግምት ከሞተሩ በላይ የሚያስከፍለው ይህ ጥድፊያ ነው። አሮጌ መኪና መያዝ አያሳፍርም፤ ነገር ግን የምትለቅበትን ቀን አንተ ብትመርጠው ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ምክርም ቀርቦልኝ ነበር። ቀልዱን ይሁን የምሩን አላውቅም፤ አንዱ "አሁን ደኅና ሳለች ሳትናገር ለአንዱ አበሻ ሽጣት" አለኝ። የተናገረው ሰው የ2009ኙን ታሪኬን አያውቅም። ዝም አልኩት። እንዲህ ዓይነቱ ብልጠት መሐላችን ለረጅም ጊዜ የኖረ ነው፤ ለሌላ ጽሑፍ ይቆየን።

ይህን ሁሉ ስል ግን "ቅድመ ጥንቃቄ" የተባለ ሁሉ ይከፈልበት እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በተቃራኒው ነው። ዘይት ልቀይር በገባሁበት አንድ ቤት፣ ስሙን ማንሳት አያስፈልግም፣ ወጣቱ ልጅ የቆሸሸ ማጣሪያ እንደ ታቦት ከፍ አድርጎ ይዞ መጥቶ የሞተር ማጠቢያ፣ የነዳጅ መርጫ ማጽጃ፣ የመሪ ዘይት ለውጥ እያለ የ600 ዶላር ዝርዝር አነበበልኝ። ሁሉም "ለመከላከል" ነው። ይህ መከላከል ለእሱ ኮሚሽን እንጂ ለእኔ ሞተር አልነበረም።

ጋሼ የነገሩኝ መለያ እስካሁን አላሳሳተኝም። ስለ ማንኛውም ጥገና ሁለት ነገር ጠይቅ አሉኝ፤ ሲበላሽ ምልክት ይሰጣል ወይ? ሲበላሽስ ሌላውን ይዞ ይሞታል ወይ? ምልክት የሚሰጥና ብቻውን የሚሞት ከሆነ ተወው፣ እስኪበላሽ ንዳው። ዲናሞው ቢደክም የባትሪ መብራት ይበራል፤ ይቀየራል፣ አለቀ። ከሞተሩ ራስ ላይ ከቫልቭ መክደኛው ጥቂት ዘይት ቢያንጠባጥብ ከሥሩ ካርቶን አንጥፍ፣ ዘይቱን ለካ፣ ኑር። ምልክት ሳይሰጥ ሞተሩን ይዞ የሚሞት ከሆነ ግን ቀድመህ ቀይር። የሆንዳው ቺንጋ በሁለቱም ይወድቃል።

በሁለቱ መካከል ያለ ነገርም አለ። ራዲያተርን ውሰዱ። የአሮጌ መኪና ራዲያተር ላይና ታቹ ፕላስቲክ ነው፤ ከ12፣ 15 ዓመት ሙቀትና ብርድ በኋላ ይሰነጠቃል። ምልክት ይሰጣል፤ መርፌው ይወጣል። ግን ስንቶቻችን ነን መርፌውን የምናየው? አንዳንዴ ደግሞ ውሃው ጨርሶ ሲያልቅ የሙቀት መለኪያው የሚነካው ውሃ ስለማያገኝ በትክክል አይነግርም። "ቤት ልድረስ፣ ሁለት ማይል ብቻ ነው የቀረኝ" ብሎ በፈላ ሞተር የነዳ ሰው የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ያቃጥላል፣ አሉሚኒየሙንም ያጣምማል። ስለዚህ መኪናችሁ ካረጀችና ራዲያተሩ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ከነቱቦው ማስቀየሩ ከቺንጋው በጣም ያነሰ ወጪ ነውና እኔ ብሆን አስቀይራለሁ።

ለመተው ከሚገባው ደግሞ አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከ2007 እስከ 2009 የወጡት ባለ 2.4 ሊትር ካምሪዎች ከፒስተን ቀለበታቸው የተነሳ ዘይት በመብላት ይታወቃሉ፤ ቶዮታ ራሱ ችግሩን ተቀብሎ ለተወሰነ ጊዜ በነፃ ሲጠግን ነበር። ጊዜው አልፏል። ዛሬ እንዲህ ያለች መኪና የያዘ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ ፒስተን ያስቀይር? በእኔ አስተያየት አያስቀይር። ነዳጅ በቀዳ ቁጥር ዘይቱን ይለካ፤ የጎደለውን ይሙላ፤ አንድ ሊትር ዘይት ሁልጊዜ ከኋላ ይኑረው። የሚያሳዝነው ዘይቱን ባለመለካት ብቻ ሞተር ያስነከሱ ሰዎች መኖራቸው ነው።

ቺንጋም ቢሆን ለማንኛዋም መኪና ይቀየር አልልም። ሌላ ወዳጄ ለአሮጌ መኪናው 1,400 ዶላር አውጥቶ ቺንጋውን አስቀየረ። በሁለት ወሩ ካምቢዮው ሞተ። መኪናዋ አዲስ ቺንጋ እንደታጠቀች ተቀበረች። እሱ እስከ ዛሬ ድረስ "መከላከል የሚባል ነገር ውሸት ነው" ይላል። የተሳሳተው ግን ቅደም ተከተሉን ነው። መጀመሪያ መኪናዋን ሰቅሎ ማየት ነበረበት። ካምቢዮው ማርሽ ሲለውጥ ይመታል ወይ? ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ይሸታል ወይ? በክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ከሥር ያለውን ብረት በልቶታል ወይ? ከነዚህ አንዱ ካለ ሞተሩን አትንኩ። እስክትቆም ንዱአትና ገንዘቡን ለሚቀጥለው መኪና አስቀምጡ። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ጥሩ መካኒክ 100 ዶላር ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ወስዶ ይህን ያያል። ከ1,250ው በፊት የሚወጣው ገንዘብ ይህ ነው።

ማይሉን ብቻ አይቶ መፍረድም ያሳስታል። ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችን በዓመት 40 ሺህ ማይል ቢነዱ 105 ሺህ የሚሞላው ሦስት ዓመት ሳይደርስ ነው፤ ለነሱ መኪና የቆመበት ቀን ደሞዝ የሌለበት ቀን ስለሆነ ክርክር የለውም። ታክሲ ነጂው ወዳጃችን በአንድ ቃል የጨረሰው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል "አንዲት አሮጊት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ስትነዳት የነበረች፣ 70 ሺህ ማይል ብቻ" ተብሎ የሚሸጥ የ2012 መኪና አለ። ማይሉ ትንሽ ነው፤ ጎማው ግን በዕድሜም ይደርቃል። ሰባት ዓመት የሚለው ለዚህ የተጻፈ ነው፤ የእኔዋም በማይል ገና 98 ሺህ ናት፣ በዓመት ግን ዘጠኝ አልፏታል። በዱባይ፣ በሪያድ፣ በኩዌት ያላችሁ አንባብያን ደግሞ የሆንዳ መጽሐፍ ለናንተ የተለየ ቁጥር አለው። ሙቀቱ ዘወትር ከ43 ዲግሪ በላይ በሆነበት የሚነዳ ሰው ቺንጋውን በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲቀይር ይመክራል። ሻጭ "ተቀይሯል" ካለም ደረሰኙን ይጠየቅ። ደረሰኝ ከሌለ አልተቀየረም ብላችሁ ዋጋውን ቀንሱ። ነውር የለውም፤ እኔ የነውሩን ዋጋ ከፍዬበታለሁ።

አገር ቤት ይህ ሁሉ ክርክር ጨርሶ አይነሳም። በ2020 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ፤ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያለች አሮጌ ቶዮታ ዋጋዋ እንደ ቤት ነው፤ ባለቤቷም እንደ ቤት ያድሳታል። ባለፈው ስሄድ የወንድሜ ልጅ ልብስም ስልክም አልጠየቀኝም። የመኪናውን ቁጥር በቴሌግራም ልኮ "ጋሼ፣ የሞተር ቺንጋ ከነፓምፑ" አለ። ሻንጣዬ ውስጥ ከቡና መፍጫውና ከመድኃኒቱ ጋር አድርጌ ወሰድኩለት። እሱ አንድም ቀን "ገና አልተበጠሰም" ብሎ አልተከራከረኝም። መኪናው ከሄደ የሚተካው እንደማያገኝ ያውቃል። እኛ ግን በየመንገዱ ዳር የመኪና መሸጫ ስለምናይ የሚተካው ነገር በነፃ የተቀመጠ ይመስለናል።

የቀረው "ለማን ብለህ ነው?" ያለኝ ወዳጄ ነው። ከልቤ የሳቅኩት በእሱ ነበር፤ ቤት ከገባሁ በኋላ ያሳሰበኝም እሱ ነው። አሜሪካ ከገባሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። መጀመሪያ የገዛሁትን ሶፋ "ለጊዜው" ብዬ ነው የገዛሁት። ጥርሴን ሳላሳክም የቆየሁት፣ የጡረታ ሒሳብ ሳልከፍት የቆየሁት፣ የአኮርዷን መጽሐፍ ሳልከፍት የቀረሁት "የዛሬ ዓመት እኮ እዚህ አልኖርም" እያልኩ ነው። በየበዓሉ ብርጭቆ አንስተን "በሚቀጥለው ዓመት በአገራችን" እንላለን። እኔም እላለሁ፣ አሁንም ከልቤ ነው። ግን በእነዚያ ሃያ ዓመታት ውስጥ ሦስት መኪና ቀብሬአለሁ፤ ሁለቱ ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ናቸው። የመሄጃው ቀን ሲመጣ በአንድ ወር ማስታወቂያ ሰጥቼ እሸጣታለሁ፤ ቺንጋው የተቀየረ ከነደረሰኙ የሆነ መኪና ደግሞ ካልተቀየረው ይሻላል። እስከዚያው ባለቤቴ ከአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ በአይ 495 የምትመለሰው በዚህች መኪና ነው።

ለማንኛውም ባለፈው ሐሙስ ለጋሼ ሰጠኋት። መጀመሪያ ሰቅለው ከሥር አዩአት፤ ብረቱ ደኅና ነው፣ የካምቢዮው ዘይትም ጤነኛ ነው። ከዚያ ከፈቱት። ማታ ስሄድ የወጡትን ዕቃዎች ጋዜጣ ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። እውነቱን ልናገር፣ ቺንጋው ራሱ ክፉ አልነበረም። ጠርዙ ትንሽ ተበልቷል እንጂ ጥርሶቹ አልጎደሉም፤ ገና የሚሄድ ይመስላል። መወጠሪያው ግን ዘይቱን ማፍሰስ ጀምሯል፣ የውሃ ፓምፑም ከመዘውሩ ሥር ውሃ አልቦ ደርቆበታል። መወጠሪያው ከላላ ቺንጋው ሳይበጠስም ጥርስ ይዘላል፤ ውጤቱ ያው ነው አሉኝ። ይህን ለቅዳሜው ቡና ነገርኳቸው። ባለ ካምሪው ቺንጋውን እያገላበጠ አይቶ "ይሄማ አዲስ ነው፤ 1,250 ብርህን ጣልክ" አለኝ። (እኛ ዶላሩንም ብር ነው የምንለው።) ታክሲ ነጂው መወጠሪያውን አንስቶ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለእሱ አቀበለው።

ጋሼ የተቀየረበትን ቀንና ማይሉን በነጭ ቀለም በካርቶን ላይ ጽፈው ኮፈኑ ሥር አስረውልኛል። ደረሰኙን ከመጽሐፉ ጋር በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚገዛት ሰው እዚያው ያገኘዋል።

ቸር እንሰንብት።